ረግረጉ መሃል ያለው ጉብታ

በካናዳ ጫካ የሚኖረው የክሪ ነገድ አዳኝ ሳይላስ፣ ካሪቡ የሚሉትን የጫካ አጋዘን በገደለ ቁጥር አጥንቱን ውሻ እንዳይግጠው ዛፍ ላይ ይሰቅላል። ካሪቡዎቹ የሚወልዱበትን፣ ረግረግ የከበበውን ደረቅ ጉብታ ግን ለሚስቱ እንኳ አሳይቶ አያውቅም።

ማዕድን ፈላጊዎች ዘንድ የተቀጠረው የእህቱ ልጅ ክላረንስ ግን፣ «አጎቴ፣ ቦታውን ሳናውቅ እንዴት እንጠብቀው?» እያለ ሙጭጭ አለበት። ሳይላስም አሳድጎታልና አምኖት በታንኳ ወሰደው።

ቅጠል ሲረግፍ ተመልሶ ቢሄድ ጥዱ ተጨፍጭፎ፣ በጉብታው ላይ የማዕድን ፈላጊዎቹ የመኪና መንገድ ተጋድሟል። አንድም ካሪቡ የለም።

«ምን ላድርግ አጎቴ፣ በዚያ ረግረግ መኪና የሚሸከም ሌላ መሬት የለም» አለ ክላረንስ።

«ስወስድህ ይህን ታውቅ ነበር?»

ክላረንስ አንገቱን ደፋ።

«ዕድሜ ልኬን አጥንታቸውን ከውሻ ስሸሽግ ኖርኩ» አለ ሳይላስ፤ «ውሻውን ለካ እኔው ነኝ ያሳደግኩት!»