ቃጫ የበዛበት የጎመን ግንድ

ጎመን ሻጯ እኚህን አዛውንት በስም አታውቃቸውም። ኮታቸው ክርኑ ላይ ቢሳሳም ንጹሕ ነው፤ የሸሚዛቸው ቁልፍ ግን ሁልጊዜ ቀዳዳውን ስቶ ይቆለፋል። ሰው ሁሉ ቅጠሉን አገላብጦ ሲገዛ፣ እሳቸው የሚፈልጉት ግንዱን ነው፤ ያውም ያረጀውን፣ ቃጫው እንደ ገመድ የሚመዘዘውን። አንዱን ሰበር ያደርጉና ቃጫውን ሳብ አድርገው ይሞክሩታል፤ ካልጠነከረ ይመልሱታል።

ዛሬ አንጀቷን በሏት። ለጋ ለጋውን መርጣ ዘንቢላቸው ውስጥ ጨመረችላቸው።

"ይሄ ይሻልዎታል አባባ። ያኛው እኮ እንጨት ነው፤ ሲልጡት ይመሽብዎታል።"

"እንዲመሽልኝ ነው የምፈልገው፣ ልጄ" አሉና ለጋውን አንድ በአንድ አውጥተው መለሱላት። "ባለቤቴ ሁሉን ነገር ረስታለች፣ እኔንም ጭምር። መላጡን ግን እጇ አልረሳም። ለጋው ቶሎ ያልቅባትና ትጨነቃለች።"

"ታዲያ እየላጡ ያዋሩዎታል?"

ሳቅ አሉ።

"'ባሌ ሳይመጣ ላድርስ' ትለኛለች። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ አብሬያት እጠብቀዋለሁ።"