ድስት የገባው ሰላጣ

እናቴ እንደምትለው ጎመን በጥሬው የሚበላው በግ ነው። ስኳር እንዳለባት የታወቀ ጊዜ ግን ሐኪሙ፣ «ዘይት ይቀንሱ፣ አትክልት ሳይበስል ይብሉ፤ አለዚያ መርፌ ልንጀምር ነው» አላት። መርፌ እንደ ሞት ትፈራለች። እኔ ደግሞ ለእሷ እፈራለሁ። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሮቤ ጎባ እየተመላለስኩ ላበላት ቆረጥኩ።

ሰላጣውን ያየሁት ስልኬ ላይ ነው። የእስያ ነው ይላሉ። ቀይና ነጭ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ቃሪያ እንደ ክር ቀጥነው ይከተፋሉ፤ የተወቀጠ ኦቾሎኒ በሎሚ፣ በዝንጅብልና በሶያ ሶስ ተበጥብጦ ይፈስበታል። ስልኩ ላይ ያለችው ልጅ በአምስት ደቂቃ ጨረሰችው። እኔ ቀዩን ጥቅል ጎመን ፍለጋ ብቻ የሮቤን ገበያ ሁለት ጊዜ ዞርኩ። አንዷ ቸርቻሪ፣ «ሂን ጂሩ፣ የለም ልጄ፤ ቀዩን ማን ይገዛኛል?» አለችኝ። ሶያ ሶሱን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከአዲስ አበባ አመጣችልኝ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ እናቴ ቤት ከተፍኩ፣ ወቀጥኩ፣ አዋሃድኩ። ሎሚ አነሰው ብዬ ሱቅ ደርሼ ስመለስ ከበሩ ላይ የእርድና የነጭ ሽንኩርት ሽታ ተቀበለኝ። ሰላጣው አልጫ ሆኗል፤ ኦቾሎኒውም ድስቱ ሥር ይዞ አርሯል።

«ሳታበስይው ትተሽው ወጣሽ» አለችኝ፣ ውለታ እንደዋለልኝ ሰው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ብልጥ ሆንኩ። ሁሉንም ሮቤ ላይ አዘጋጅቼ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አቅፌ ወሰድኩት። አቅርቤላት ፊት ለፊቷ ቁጭ አልኩ። ባረከችው፣ እኔንም መረቀችኝ፣ አንዴ ጎረሰችና ጉንጯ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አደረገችው። ከዚያ «ጨው ላምጣ» ብላ ሳህኑን ይዛ ተነሳች። ጨው ለማምጣት ሳህኑ ምን ያደርግላታል? ተከትያት ማድ ቤት ስገባ ክብሪት በእጇ ይዛ ሰላጣዬን ድስት ውስጥ እየገለበጠች ነው።

ያኔ አፌን መያዝ አቃተኝ። ግትር ነሽ አልኳት። ለራስሽ ካላዘንሽ ለእኔ እዘኚ፣ ነገ እግርሽ ሲቆረጥ የምሸከምሽ እኔ ነኝ አልኳት። ለእናት እንዲህ አይባልም፤ እኔ ግን ብያለሁ።

አልተቆጣችም። ነጠላዋን ከአፏ ገለጥ አድርጋ አፏን ከፈተችልኝ። ከላይም ከታችም አንድ መንጋጋ የለም። ስትስቅም ስትበላም አፏን በነጠላ መሸፈኗን ሁልጊዜ እንደ ጨዋነት ነበር የማየው።

«ለሰላምታ የሚሆኑት ናቸው የቀሩኝ» አለች።

«ታዲያ እማዬ፣ ለሐኪሙ ለምን አልነገርሽውም?»

«ጠይቆኝ ነበር እኮ። ማኘክ ይችላሉ ወይ ቢለኝ፣ አፌን ሳልከፍት 'በደንብ ትችላለች' ያልሽው አንቺ ነሽ። በሰው ፊት ላሳፍርሽ?»

እውነቷን ነው፣ ብያለሁ። ያን ቀን ቢሮ እንዳይረፍድብኝ ቸኩዬ፣ የተጠየቀችውን ሁሉ እኔ ነበርኩ የምመልሰው። እሷ አጠገቤ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር።

ክብሪቱን ከእጇ ተቀብዬ ምድጃውን ራሴ ለኮስኩት።