በሁዳዴ የተሰፋሁበት ሐር

ስሜን ያጠፋችው ጎረቤቴ አስካለ ናት። በሁዳዴ ከእንጦጦ ስወርድ ወድቄ ግንባሬ ተሰፋ። ሐኪሙ፣ «እማማ፣ ክሩ ሐር ነው፤ ሐር የሚያወጣው ደግሞ ትል ነው» ሲለኝ ገርሞኝ ለአስካለ አጫወትኳት። እሷዬ ማኅበር በተሰበሰብንበት ተነሥታ፣ «ስንዱ ጾም ገድፋለች! ትል ግንባሯ ላይ አሰፍታ ከእኛ ጋር ጽዋ ልትጠጣ?» አትልም! ሴቶቹም እውነት መስሏቸው ጽዋውን በአፍንጫዬ ሥር አሳለፉት። ማኅበሩን ያቋቋምኩት እኮ እኔ ነኝ! ልሰድባት ቀና ስል፣ አንገቷ ላይ የምትኮራበት የሐር ማተብ ሲያብለጨልጭ አየሁና ስድቤን ለነገ አሳደርኩት።

በማግስቱ ጠዋት መቀስ ይዤ በሯን አንኳኳሁ።

«ደግሞ ምን ሆንሽ?» አለችኝ።

«ጾምሽን እንዳትገድፊ ብዬ ነው፣ የኔ እህት፤ አንገትሽን ወዲህ በይ፣ ትልሽን ልቁረጥልሽ» አልኳት።