የኋላው በር አይቆለፍም

የወረዳችን ምክር ቤት አባል የሆንኩት በምላሴ ነው። የኮንዶሚኒየማችን ስብሰባ ላይ ስለ ውሃ መጥፋት ስጮህ የሰሙ ጎረቤቶቼ «እሷ ትግባልን፣ እዚያም ሄዳ ትጩህ» ብለው ጠቆሙኝ፤ ተመረጥኩ። ባለቤቴ በሕይወት ቢኖር በሳቅ ይሞት ነበር። ቤት ውስጥ የምለፈልፈው አልበቃ ብሎ ጭራሽ ማይክ ሰጡኝ።

ያን ቅዳሜ የተጠራነው ስለ ሰፈሩ ጸጥታ እንድንወያይ ነው። ስልክ ንጥቂያ በዝቶ ነበር፤ ይህ እውነት ነው፣ ማንም አይክደውም። የእኔንም ልጅ ነጥቀዋታል። ቀን ሱቅ ትሠራለች፣ ማታ ሜክሲኮ አካባቢ ኮሌጅ ትማራለች። አንድ ምሽት በግቢያችን የፊት ለፊት በር በኩል ስትመጣ፣ በቆርቆሮ በታጠረው ግንባታ ጥግ፣ ሁለት ጎረምሶች ከኋላዋ ደርሰው ስልኳን ከነቦርሳዋ ወሰዱባት። ጎትተው ጥለዋት ጉልበቷ ተልጦ ነው የገባችው። «ትምህርቱ በአፍንጫዬ ይውጣ» ብላ ልታቆም ስትል በስንት ልመና መለስኳት። ከዚያ ወዲህ የምትገባው በኋላው በር ብቻ ነው። እዚያ ሱቆቹ ስለሚያመሹ መብራት አለ፣ ታክሲውም በሩ ላይ ያወርዳታል።

የጸጥታ ኃላፊው ዕቅዱን ማንበብ ጀመረ። ወጣት ነው፣ ጨዋም ነው፤ አልዋሽበትም። ጥበቃ ይጠናከራል አለ፣ ደግ። ካሜራ ይተከላል አለ፣ ይሁን። ከዚያ «የኮንዶሚኒየም የኋላ በሮች ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ይቆለፋሉ፤ ነዋሪው በፊት ለፊቱ በር ብቻ ይጠቀማል» አለ። በዚህ አላበቃም። «በተለይ እህቶቻችን በጊዜ ወደ ቤታቸው ቢገቡ ይመከራል።»

ደሜ ፈላ። እጄን አወጣሁ።

«ሌባው በጊዜ ቤቱ እንዲገባስ የመከረው አለ?» አልኩ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ግን ለማሳቅ አልነበረም የተናገርኩት። ልጄ የተነጠቀችው በዚያው ክፍት ይሁን በሚሉት በር በኩል መሆኑን፣ የኋላው ከተቆለፈ ትምህርቷ እንደሚቋረጥ፣ የእኔ ልጅ ብቻዋን እንዳልሆነች፣ አምሽተው የሚገቡ ሴቶች በየብሎኩ እንዳሉ አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

«አስተያየቱ ተይዟል» አሉ አፈ ጉባኤው። ተይዟል! የት እንደሚይዙት እግዜር ይወቅ።

እኛ ምክር ቤት ነገር የሚያልቀው በጭብጨባ ነው። አፈ ጉባኤው «ተቃውሞ ያለው» ብለው ሳይጨርሱ የፊት ወንበር ያጨበጭባል፣ ኋላው ይከተላል፣ በቃ፣ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል»። ያን ቀንም ጭብጨባው ተጀመረ። ብድግ አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ቀሚሴን ጎተተችኝና «ተይ በናትሽ፣ ምሳ ደርሷል» አለችኝ። አልተቀመጥኩም። ጭብጨባው ቀስ በቀስ ሞተ።

«ይቀመጡ እንጂ፣ አልፏል» አሉ አፈ ጉባኤው።

«አላለፈም። የምቃወም ሰው ቆሜያለሁ፤ ይቁጠሩኝ።»

«አንድ ሰው እኮ ነዎት!»

«አንድም ብሆን ሰው ነኝ።»

ተነፈሱ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «በአንድ ተቃውሞ ጸድቋል» አሉ። ተሸነፍኩ። ምሳውን ሳልበላ ወጣሁ።

ለልጄ ስነግራት አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። «እንግዲህ ይቅርብኝ፣ ለዓመት እማራለሁ» አለች። ለዓመት! እኔ የማውቀው ለዓመት የተባለ ነገር ሁሉ ቀልጦ ነው የቀረው።

«ሰኞ ትሄጃለሽ» አልኳት።

«በየት ልገባ?»

«በኋላው በር።»

ሰኞ ምሽት ጥበቃችን ቁልፉን ይዘው ሲመጡ የፕላስቲክ ወንበሬን በሩ መሃል አድርጌ ተቀምጫለሁ። ደግ ሽማግሌ ናቸው። «ምነው እትዬ፣ ትእዛዝ እኮ ነው» አሉኝ።

«ይቆልፉት አባባ፤ እኔን መሃል አድርገው ይቆልፉት።»

ራሳቸውን አከኩና ደወሉ። ኃላፊው በጥድፊያ መጣ። «እናቴ፣ እርስዎ የምክር ቤት አባል ሆነው! ራስዎ ያጸደቁትን?»

«እኔ አላጸደቅኩም። ተቃውሜያለሁ፣ አዳራሹ ሰምቷል።»

«ሕግ ማስከበር ግዴታዬ ነው።»

«እሰረኝ እንግዲህ። እኛ ልደታ ነን፣ ፍርድ ቤቱ ቅርብ ነው፤ የታክሲ እንኳ አታወጣብኝም።»

ጥበቃው ሳቃቸውን በፎጣቸው ሸፈኑ። አልፈራሁም ብል ግን ውሸቴን ነው፤ ወንበሬን በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝኩ። ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር ነርስ ከሥራ ስትገባ ነገሩን ጠይቃ ሰማች። ወደ ቤቷ ወጣች። ጥላኝ ሄደች ብዬ ስቀየማት ወንበር ተሸክማ ወረደችና ጎኔ ተቀመጠች። ኃላፊው ወደ ሁለታችን አየ፣ ወደ ስልኩ አየ። ለማን ልደውል ብሎ ይሆናል።

ታክሲ ቆመና ልጄ ወረደች። ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋለች። እኔን ስታይ በድንጋጤ ቆመች፤ ከዚያ ሮጣ መጣች።

«እማዬ፣ በናትሽ ተነሺ፤ ሰው እያየን ነው!»

«ይየን። ነገ ክፍል አለሽ?»

ኃላፊውን አየችው፣ በሽማግሌው እጅ ያለውን ቁልፍ አየች፣ እኔን አየችኝ።

«አለኝ» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ፣ ጮክ ብላ።

«ሰማህ?» አልኩት። «ነገም እዚሁ ነኝ።»