ለእናቴ ድድ የተነቀለው ሥር

አባቴ የድድ መድኃኒት አዋቂ ነበር። ወሎ ሳለን ድዱ ያበጠና ጥርሱ የሚወዛወዝ ሰው ከሩቅ ሳይቀር ይመጣለታል። ሥሩን ማለዳ፣ ማንም ሳያየው፣ ከማንም ጋር ቃል ሳይለዋወጥ ይነቅላል። ወቅጦ በጥጥ ይጠቀልልና በሽተኛውን ያስነክሰዋል። በሽተኛው ፀሐይ እስክትጠልቅ አፉን አይከፍትም፤ ከተናገረ መድኃኒቱ ይረክሳል። ስለ ሥሩ ሌላ ሰው ካወራም እንዲሁ ይረክሳል። አባቴ «ዝም አይነቅዝም» ማለት ይወድ ነበር። የሚለው ግን ሌላውን ዝም ለማሰኘት ብቻ ነው።

አሶሳ አምጥተው ሲያሰፍሩን ካገራችን ቅጠል አንዱም አልተከተለን። የሚታደለን በቆሎ ነው። ጎመን የሚባል ነገር ሳናይ ወራት አለፉ፤ የመንደሩ ሰው ድድ መድማት ጀመረ። ጤና ረዳቱ በጨው ውሃ ተጉመጥመጡ አለን፤ ጨው ከየት እንደምናመጣ ግን አልነገረንም። ካድሬው ደግሞ ስብሰባ ጠርቶ «ድዱ የሚደማው ሥራ የሚጠላ ሰው ነው» አለ። እኛም አጨበጨብን።

ከሁሉም እናቴ ባሰባት። ቂጣ ስትነክስ ቂጣው ላይ ደም ይቀራል። በልጅነቷ ድዷን ተነቅሳ ነበርና ጥቁር ድዷና ነጭ ጥርሷ በአገሩ የታወቁ ነበሩ፤ አባቴም ያገባት በጥርሷ ነው ይባላል። አሁን የፊት ጥርሷን በምላሷ እየነካካች «ይወልቅ ይሆን?» እያለች ትጨነቃለች።

አንድ ማለዳ አባቴ ሥር ይዞ መጣ። ቅጠሉም ሽታውም ያው ያገሩ ነው ብሎ ፊቱ በርቷል። ወቀጠና እናቴን ደጃፍ አስቀምጦ ጥጡን አስነከሳት። እኔን ደግሞ ልጣጩን እግር የማይረግጠው ቦታ እንድቀብር ላከኝ። ያኔ ለአቅመ ሔዋን የደረስኩ ልጅ ነበርኩ።

ወንዝ ዳር ስቆፍር ማንጎ እያዞረች የምትሸጥ አንዲት የበርታ ሴት ደረሰችብኝ። ልጣጩን አንሥታ ስታሸተው ፊቷ ተለወጠ።

«ይሄ ማን አመጣ?» አለች በተሰባበረ አማርኛዋ።

«አባቴ። ለእናቴ ድድ ነው።»

«ወላሂ፣ ይሄ ለሰው አይደለም። ይሄ ወቅጦ ወንዝ ይጥላል፣ ዓሣ ይሞታል። ሂድ፣ ቶሎ ሂድ። አፍ በውሃ ይታጠብ።»

ሮጥኩ። እናቴ አፏን ገጥማ ጉልበቷን በሁለት እጇ ጨምቃ ይዛለች፤ እንባዋ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል። ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ናት። በጣሳ ውሃ ቀድቼ ቀረብኩና «አባዬ፣ የዓሣ መግደያ ነው አሉ፤ ትታጠብ» አልኩት።

ጣሳውን ከእጄ መትቶ ጣለው። «የዚህ አገር ሰው ስለ መድኃኒት ምን ያውቃል?» አለ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ «ያቃጥልሻል?» ብሎ ጠየቃት።

እናቴ እንባዋን እያፈሰሰች ራሷን ነቀነቀች። አያቃጥለኝም ማለቷ ነው።

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ። እኔ ተናግሬም ያተረፍኩት የለም። ጥጡን ከአፏ መንጭቄ ማውጣት እችል ነበር፤ አባቴን ፈራሁ። እውነቱ ይሄ ነው፣ ሌላ ሰበብ አልደረድርም። አጠገቧ ተቀምጬ ፀሐይ እስክትጠልቅ አብሬያት ጠበቅሁ።

አባቴ ጥጡን ሲያወጣው ንቅሳቷ ከነቆዳው ተልጦ ጥጡ ላይ ቀረ። በሳምንቱ የፊት ጥርሶቿ ተራ በተራ ወለቁ። ጎረቤት ሊጠይቅ ሲመጣ አባቴ በጣቱ ወደ እኔ እያመለከተ «መድኃኒቴን ያረከሰችብኝ እቺ ናት፤ በቀን ብርሃን ስታወራው ዋለች» ይላል። ሰዉም አመነው። የሥሩን ስም እንኳ እስከ ዛሬ አላውቀውም።

የበርታዋ ሴት የሆነውን ስትሰማ ማንጎ ይዛልን መምጣት ጀመረች፤ ዋጋ አልጠየቀችንም። እኔም በእጄ እየጨፈለቅሁ እናቴን አጎርሳታለሁ። ሳምንታት አለፉና የተረፈው ድዷ መድማቱን ተወ።

አንድ ቀን እንደ ልማዴ ሳጎርሳት እጄን ያዘችኝ። «ደሙ ቆመ እኮ» አለች፤ ጥርስ ስለሌላት ቃሉ ከአፏ እየተሸራረፈ ይወጣል። «አባትሽ ልክ ነበር፤ ሥሩ ይሠራ ነበር። ጥርሴን የወሰደው ያንቺ አፍ ነው።»

እጄን ለቀቀችና ለሚቀጥለው ጉርሻ አፏን ከፈተች።