የታይታን ጠጠሮች በያራ ወንዝ ዳር

ባለፈው ሳምንት ስለ ውሃ ዑደት ሳስተምር፣ ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ ከመሬት ሌላ ዝናብ የሚዘንብበት ቦታ አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ለፈተና የሚያስፈልጋት ነገር አልነበረም። እኔ ግን መመለስ ስጀምር ድምፄ ሳይለወጥ አልቀረም፤ በመስኮት ውጭ ውጭውን ሲያዩ የነበሩት ልጆች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ስለ ታይታን መጀመሪያ በሰው ፊት የተናገርኩበት ቀን ድንገት ትዝ ብሎኝ ነበር።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። ከአባቴና ከእናቴ ጋር ኮሊንግዉድ በሚባለው ሰፈር ካሉት ረጃጅም የመንግሥት ሕንፃዎች በአንዱ እንኖር ነበር። አባቴ አገር ቤት ድሬሰር ነበር። ታማሚ ሩቅ መንገድ ተጉዞ ሲመጣ መድኃኒት የለም ብሎ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ በደንብ ያውቃል። ስለዚህ እኔ ፋርማሲ ልማር ዩኒቨርሲቲ ስገባ ያላበሰረው ጎረቤት አልነበረም። ሁለት ዓመት ተማርኩ፤ ውጤቴም ደህና ነበር። ግን እግረ መንገዴን የወሰድኩት ጂኦሎጂ ልቤን ይዞት ሄደ። በዓመቱ መጨረሻ ትምህርት መቀየር እንደምፈልግ ራት ላይ ነገርኩት። አባቴ አልተቆጣም። የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠና፣

"ድንጋይ ለመማር ነው አገር ያቋረጥነው?" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩን አላነሳውም። እናቴ ለእኔ ጊዜ ስጪው፣ ለእሱ ደግሞ አታስጨንቃት እያለች በመካከላችን ትመላለሳለች። ዩኒቨርሲቲው ሳይከፈት መወሰን ነበረብኝ፤ እሱን አስከፍቼ መወሰን ግን አልሆነልኝም።

ጥር እዚህ የበጋው እምብርት ነው። የማኅበራችን ሰዎች በየዓመቱ ከጥምቀት በፊት አንድ ቅዳሜ አውቶቡስ ተከራይተው በያራ ወንዝ ዳር ወዳለችው ዋርበርተን ይወጡ ነበር። የዚያን ዓመት አስተባባሪው አባቴ ነው። እኔ ደግሞ በዚያው ጠዋት ሌላ ነገር እጠብቃለሁ። ከሳተርን ጨረቃዎች ትልቋ ታይታን ናት፤ ሜርኩሪ ከምትባለው ፕላኔት እንኳ ትበልጣለች። ወፍራም ብርቱካናማ ጭጋግ ስለሚሸፍናት ገጿን በቅጡ ያየ ሰው አልነበረም። ሰባት ዓመት የተጓዘች መንኮራኩር ያደረሰቻት አንዲት ትንሽ መሣሪያ በዚያ ቅዳሜ ዋዜማ ማታ በፓራሹት ወርዳ አርፋባት ነበር።

ኢንተርኔታችን በስልክ መስመር የሚሠራ ነበር፤ እሱ ሲከፈት ስልክ መደወል አይቻልም። እኔ መሣሪያዋ የላከችውን ፎቶ ስከፍት አባቴ ለአውቶቡሱ ሾፌር መደወል ፈልጎ በሩ ላይ ቆሟል። ፎቶው ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይወርዳል። መጀመሪያ ሰማዩ መጣ፣ ቀጥሎ አድማሱ፣ በመጨረሻ ጠጠሮቹ። ድቡልቡል ያሉ፣ ፈሳሽ እያንከባለለ ያለሰለሳቸው፣ ልክ ወንዝ ዳር እንደሚገኙት ያሉ ጠጠሮች ናቸው። አፌን በእጄ ያዝኩ። አባቴ ደንግጦ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ምንም አልኩና ስልኩን ለቀቅኩለት። ፎቶውን በጥቁርና ነጭ አትሜ ይዤው ወጣሁ። እናቴ ደረጃው ላይ አየት አድርጋው ድንች ነው ወይ አለችኝ።

ዋርበርተን ስንደርስ ሙቀቱ ገና አልበረታም። የባሕር ዛፉ ሽታ ከአውቶቡስ ሳንወርድ ተቀበለን። ልጅ ሆኜ ባሕር ዛፍ የእኛ አገር ዛፍ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ አገሩ እዚህ መሆኑን ያወቅኩት እዚህ መጥቼ ነው። ሴቶቹ ድፎ ዳቦውን ከፎጣው ፈቱ፤ ሐብሐቡ እንዲቀዘቅዝ ወንዙ ውስጥ በድንጋይ ተከልሎ ተቀመጠ፤ አባቴ ፓርኩ ውስጥ ባለው የኤሌክትሪክ ባርቤኪው ላይ የበግ ጎድን ደረደረ።

እኔ ውሃው ዳር ቁጭ ብዬ ፎቶውን ሳይ እትዬ ዘነበች መጡ። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ያልገባቸውን ነገር ሳይጠይቁ የማያልፉ ጎረቤታችን ናቸው። ምን እንደያዝኩ ጠየቁኝ። ለመናገር አፌን ስከፍት አማርኛው ጠፋብኝ። ስለዚህ ጎንበስ ብዬ ከወንዙ አንድ እፍኝ ጠጠር አነሳሁና መዳፋቸው ላይ አደረግኩት። ታይታን የምትባል ጨረቃ ላይም እንዲህ ያለ ጠጠር እንዳለ፣ ግን ከበረዶ የተሠራ እንደሆነ፣ በረዶው ከብርዱ ብዛት እንደ ዓለት እንደሚጠነክር ነገርኳቸው። የሚያንከባልለውም ውሃ ሳይሆን ሚቴን ነው፤ እዚህ ምድጃችን ላይ የሚነደው ጋዝ እዚያ ፈሳሽ ሆኖ ይዘንባል አልኳቸው።

"ታዲያ ክብሪት የጫረ አለቀለታ?" አሉኝ።

"አይነድም፣ እትዬ። ለመንደድ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ እዚያ ደግሞ ኦክስጅን የለም።"

ሳቅ ሰምተው ሌሎችም መጡ። የስበት ኃይሏ ደካማ ስለሆነ የዝናቡ ጠብታ ትልልቅ እንደሆነና ልክ እንደ አመዳይ ዝግ ብሎ እንደሚወርድ ስነግራቸው እትዬ ዘነበች ጉልበታቸውን እያሹ፣ "በይ እኔን ነው የሚመስለው፤ ስሜ ዘነበች፣ አካሄዴ ዝግታ" አሉ። ጥያቄው ከየአቅጣጫው ይመጣል። ጠፍቶብኝ የነበረው አማርኛ ተመለሰ፤ የጎደለውን ቃል እነሱ ይሞሉልኛል። ፀሐይዋ አናቴ ላይ መድረሷን አላወቅኩም።

መካከል ላይ ቀና ስል አባቴን አየሁት። መቆንጠጫውን እንደያዘ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። ሥጋው ይጨሳል፣ እሱ አያገላብጥም። ለካ ይሰማ ኖሯል። ቀስ ብሎ መጣና ከእትዬ ዘነበች አጠገብ ቆመ።

"ሰው ያልረገጠውን አገር ይሄን ሁሉ ማን አወቀው?" አለኝ።

"ድንጋይ የተማሩ ሰዎች፣ አባባ።"

ፎቶውን ተቀብሎ ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ዙሪያችንን የከበቡትን ሰዎች አየ።

"እና አንቺ ይሄን ሁሉ መድኃኒት ቤት ቆመሽ ለማን ልትነግሪ ነበር?"

መጀመሪያ ተግሣጽ መስሎኝ ነበር። ፊቱን ሳየው ግን ከንፈሩ ሳቅ ይዞታል። እናቴ ዳቦ መቁረጧን ትታ እልል አለች። ነገሩ ያልገባቸው ሴቶችም ተከተሏት። ከማዶ የሚዝናኑ ፈረንጆች ልደት መስሏቸው አጨበጨቡልን። የዚያን ቀን ጎድን አንድ ወገኑ ከሰል ሆኖ ነው የተበላው፤ ግን የተረፈ አልነበረም።

እኔ ሳይንቲስት አልሆንኩም። ጂኦሎጂ ጨርሼ አስተማሪ ሆንኩ፤ ይኸው ዛሬም አስተምራለሁ። እኔ ያን ቀን ድንጋዩን መውደዴን ብቻ ነበር የማውቀው። አባቴ ግን ፊቱን አዙሮ ሲሰማኝ ሌላ ነገር የሰማ ይመስለኛል። የወደዱትን ነገር ለሌላ ሰው ነግሮ ዓይኑ ሲበራ ማየት ምን ያህል እንደሚያጠግብ እሱ ከእኔ ቀድሞ ገብቶት ነበር።

እናትና አባቴ አሁን የሚኖሩት ሜድስቶን የሚባል ሰፈር ነው። እሁድ ሄጄ ወደ ታይታን አዲስ መንኮራኩር እየተዘጋጀች እንደሆነ፣ ይቺኛዋ እንደ ሄሊኮፕተር እየበረረች ከቦታ ቦታ እንደምትዘዋወር ነገርኩት። ተነስታ እስክትደርስ ግን ብዙ ዓመት ይፈጃል አልኩት። አባቴ ሰማንያን ሊደፍን ነው።

"ትድረስ እንጂ፤ እኔ የትም አልሄድም" አለኝ።