ሪፈር የተባልን ቀን

አዋላጇ ጓንቷን አወለቀችና ልጄን ትታ እኔን አየችኝ። «ሕፃኑ በእግሩ ነው የመጣው። ሪፈር ነው፤ ወደ ነገሌ ሆስፒታል» አለች። እስከዚያ ድረስ የመጀመሪያ ምጥ ነው፣ ይቆያል እያልኩ ራሴን ሳታልል ነበር።

እኛ ከተማ ወደራ ላይ ሪፈር የሚለውን ቃል የምናውቀው በሬሳ ነው። ድሮ መንገዱ ጭቃ፣ መኪናው ብርቅ በነበረ ጊዜ፣ ሪፈር የተባለ ሰው የሚመለሰው ተጠቅልሎ ነበር። እኔ ጨርቅ ሻጭ ነኝ፤ ትምህርቴን ገና ፊደል እንደለየሁ ነው የተውኩት። ከሰው አፍ የለቀምኩት እንግሊዝኛ ቻርጅ ነው፣ ኔትወርክ ነው፤ አንዱም አስፈርቶኝ አያውቅም። ሪፈር ግን ያስፈራኛል።

ልጄን ሚኒባስ ውስጥ አስተኛናት። ሽማግሌው ጎረቤታችን በመስኮት እጃቸውን አስገብተው በኦሮምኛ «ነጋን ገላ» አሉን፤ በሰላም ተመለሱ ማለታቸው ነው። ከኋላቸው ጓደኛዬ ደረቷን ትደቃለች።

ልጄ ጭኔ ላይ ተንተርሳ ታቃስታለች። ባሏ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነው፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ዝም ካልኩ የምጮህ መሰለኝ።

«ለመሆኑ ይሄ ሪፈር የሚሉት ከሥሩ ምን ማለት ነው?» አልኩት።

«ከላቲን የመጣ ነው፣ እናቴ። ‹ሬ› መልሶ፣ ‹ፌሬ› መሸከም ነው። ተሸክሞ መመለስ እንደማለት። ኋላ ላይ፣ የከበደን ነገር ወደሚችለው ሰው መምራት ሆነ። የኳሱን ዳኛ ሪፈሪ የሚሉትም ተጫዋቾቹ ሲጣሉ ነገሩ ወደ እሱ ስለሚሄድ ነው።»

«ሞት የለበትም?»

«የለበትም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ልጄ ዓይኗን ሳትከፍት፣ «እማ ተይው፣ ኋላ ፈተና ያወጣብሻል» አለች። ሾፌሩ ሳይቀር ሳቀ። ወዲያው ምጡ መጣና ሳቃችንን ቀማን።

እኔ ግን ቃሉን ያዝኩት። ሽማግሌው የመረቁን ይኸው አይደል? ተሸክሞ መመለስ፣ ተሸክሞ መመለስ እያልኩ ነገሌ ገባን።

ሐኪሞቹ ወዲያው ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቧት። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። መጨረሻ ላይ የሕፃን ልቅሶ ሰማሁ፤ ቀጭን፣ ቁጡ ልቅሶ። ሴት ናት። እናቷም ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው ውሃ ነው።

ወደራ ደወልኩ። ጓደኛዬ ስታነሳው ከኋላዋ መዶሻ ይመታል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ድንኳን ነው... ሪፈር ሲሏችሁ ጊዜ እኮ...»

«አንቺ! በቁማችን ተከልሽልን?»

«ውይ! ላስነቅለው?»

«ተይው፤ ገንፎ እንበላበታለን።»

ስልኩን ዘግቼ የልጅ ልጄን ታቀፍኩ። አስተማሪውም አጠገቤ ቆሞ ያለቅሳል።

«በቃ፣ አታልቅስ» አልኩት። «አልሃምዱሊላህ፣ ሁለቱም ተርፈዋል። ደህና ነን።»